ኮምፒዩተሩ «አላውቀውም» ያለው ሃርድ ዲስክ

የቡና መዝገብ ያለበት ኤክስተርናል አልነበብ ሲል ቀድሞ የሚፈተሸውና ፈጽሞ የማይነካው

በሚዛን አማን፣ በቴፒና በዙሪያቸው ባሉት የቡና ቀበሌዎች ከሚዛኑና ከኬሻው ጎን ሌላ የንግድ ዕቃ ከገባ ውሎ አድሯል። ይኸውም በእጅ መዳፍ የሚያዘውና በአጭር ገመድ ከላፕቶፕ ጋር የሚገናኘው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ነው። የአቅራቢው ነጋዴ ሒሳብ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ የአባላት ዝርዝር፣ የእሸት ቡና ርክክብ፣ የውልና የደረሰኝ ፎቶግራፍ ሁሉ እዚያ ውስጥ ይከማቻል። ዕቃው ደህና እስከሆነ ድረስ የሚያስታውሰው የለም። አንድ ቀን ግን ይሰካና ኮምፒዩተሩ ምንም እንዳልተሰካበት ዝም ይላል። ያን ጊዜ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የሚደረገው ነገር አብዛኛውን ጊዜ የመረጃውን ዕጣ ይወስናል።

ጉዳዩ ለምን የገበያ ጉዳይ ሆነ?

እንደሚታወቀው የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የደን ጭፍጨፋ መከላከያ ደንብ ውስጥ ቡና አንዱ ነው። ደንቡ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 ወዲህ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ የተመረተ ቡና ወደ ኅብረቱ አገሮች እንዳይገባ ይከለክላል። ተፈጻሚ የሚሆንበት ቀን መጀመሪያ ከተባለው እየተራዘመ ቢመጣም ዝግጅቱ ግን አልቆመም። የቡናው ማሳ የት እንዳለ በካርታ ነጥብ መታወቅ አለበት። ከ4 ሄክታር በላይ የሆነ ማሳ ዙሪያው በሙሉ የሚለካ ሲሆን፣ ከዚያ ለሚያንሰው አንድ ነጥብ ይበቃል። ጀርመንና ቤልጅየም የኢትዮጵያ ቡና ዋነኛ ገዢዎች ከሚባሉት ውስጥ ስለሆኑ ነገሩ ለደቡብ ምዕራቡ ገበሬም ሆነ ነጋዴ ሩቅ አይደለም።

እስቲ በምሳሌ እንየው። አንድ ማኅበር 600 አባላት አሉት እንበል። ለካዩ ቡድን በጭቃና በዛፍ ጥላ መካከል እየተጓዘ በቀን 15 ማሳ ቢለካ ሥራው 40 ቀን ይወስዳል። የ40 ቀን አበል፣ የሞተር ብስክሌት ነዳጅና የገበሬው ጊዜ ሁሉ ተደምሮ በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። ዲስኩ አልነበብ ካለ የጠፋው የዕቃው ዋጋ ሳይሆን እነዚያ 40 ቀናት ናቸው። የርክክብ መዝገቡም ቢሆን እንዲሁ ነው። ማን ስንት ኪሎ እሸት እንዳስረከበና ስንት ብር እንደቀረው የሚያሳየው ሰነድ ከሌለ ክርክሩ በቃል ላይ ይወድቃል።

ዕቃው ውስጡ ምንድን ነው?

ብልሽቱን ለመለየት በቅድሚያ ዕቃውን ማወቅ ይጠቅማል። ኤክስተርናል የሚባለው በአንድ ቤት ውስጥ የተቀመጡ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው መረጃው የሚጻፍበት ዲስክ ነው። ሁለተኛው ዲስኩን ከዩኤስቢ ገመዱ ጋር የሚያገናኘው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው። ኮምፒዩተሩ በመጀመሪያ የሚያነጋግረው ሰሌዳውን ነው። በመሆኑም ሰሌዳው ወይም ገመዱ ተበላሽቶ ዲስኩ ፍጹም ጤነኛ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ሰሌዳው ጤነኛ ሆኖ ዲስኩ ሊታመም ይችላል።

ዲስኩ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። የቆየው ዓይነት ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለው። ትንንሾቹ በአብዛኛው በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራሉ፤ የሚያነብበውም ጫፍ ከሳህኑ በላይ ከፀጉር ውፍረት በብዙ ሺህ እጥፍ በሚያንስ ክፍተት ይንሳፈፋል። መውደቅና መመታት የሚጎዳው በዚህ ምክንያት ነው። አዲሱና ኤስኤስዲ የሚባለው ዓይነት የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ድምፅ አያሰማም፤ ንዝረትም የለውም።

መጀመሪያ ጆሮና ዓይን

ዲስኩ ሲሰካ መብራቱን ይመልከቱ። የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነ ጆሮዎን ጠጋ ያድርጉ፣ በእጅዎም ንዝረቱን ይለኩ። ከዚህ አራት ነገሮች ይታወቃሉ።

መብራትም ንዝረትም ከሌለ ዕቃው ኤሌክትሪክ አላገኘም፤ ጥርጣሬው ወደ ገመዱ፣ ወደ መሰኪያው ወይም ወደ ሰሌዳው ይሄዳል። መብራቱ በርቶ ዲስኩ በዝግታና በእኩል ድምፅ የሚዞር ከሆነ ነገሩ ተስፋ አለው፤ ችግሩ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በኮምፒዩተሩ ውስጥ ወይም በፋይሎቹ አደረጃጀት ላይ ነው። ቀጠን ያለ የጢጥታ ድምፅ እያሰማ የማይዞር ከሆነ ኃይል አንሶት ወይም ውስጡ ተጣብቆ ሊሆን ስለሚችል ገመድና መሰኪያ ቀይሮ አንድ ጊዜ ብቻ መሞከር ይቻላል። አራተኛውና ክፉው ግን እየደጋገመ ቀጭ ቀጭ ማለት ነው። ይህ የሚያነበው ጫፍ መንገዱን እንዳጣ የሚያሳይ ምልክት ስለሆነ ወዲያውኑ መንቀል ይገባል። እየነቀሉ መሰካቱ በእያንዳንዱ ሙከራ ሳህኑን ሊቧጥጠው ይችላል።

ገመዱና ኃይሉ

ድምፁ ጤነኛ ከሆነ ወይም ጨርሶ ድምፅ ከሌለ በርካሹ ነገር ይጀመራል። እርሱም ገመዱ ነው። በሞተር ብስክሌት ቦርሳ ውስጥ እየተጣጠፈ የሚሄድ ገመድ ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ይበጠሳል። አንዳንድ የስልክ ገመዶች ደግሞ ቻርጅ ከማድረግ በቀር መረጃ የሚያስተላልፍ ሽቦ የላቸውም። በእንዲህ ያለ ገመድ ሲሰካ መብራቱ ይበራል፣ ዲስኩ ይዞራል፣ ኮምፒዩተሩ ግን ምንም አያይም። ስለዚህ ሲሠራ በዓይንዎ ባዩት ሌላ ገመድ ይሞክሩ።

ቀጥሎ ኃይሉ ነው። መደበኛው ዩኤስቢ 2 መሰኪያ እስከ 500 ሚሊ አምፔር፣ ዩኤስቢ 3 ደግሞ እስከ 900 ሚሊ አምፔር ይሰጣል። ዲስኩ መሽከርከር ሲጀምር የሚፈልገው ኃይል ከቆይታው ስለሚበልጥ በደካማ መሰኪያ ላይ ተነሥቶ ይወድቃል። መሰኪያ በሚያበዛው ማከፋፈያ ላይ አይሰኩት፤ በቀጥታ ከኮምፒዩተሩ ጋር ያገናኙት። ዴስክቶፕ ከሆነ ከፊቱ ይልቅ የኋላውን ይምረጡ። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው በተዳከመበት ሰዓት ሳይሆን ቻርጀር ላይ እያለ ይሞክሩ።

ትልቁና በራሱ አዳፕተር የሚሠራው ዲስክ ሌላ ጥንቃቄ ይሻል። ይህ ዓይነቱ ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት ይፈልጋል። አዳፕተሩ ሲጠፋ የሪሲቨሩን ወይም የላፕቶፑን ቻርጀር ጫፉ ስለገጠመ ብቻ መሰካት ሰሌዳውን ያቃጥላል። አዳፕተሩ ላይ የተጻፈው ቮልት ዲስኩ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆን አለበት። አምፔሩም እኩል ወይም የበለጠ ይሁን።

ከዚህ በኋላ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ይሞክሩት። እዚያ ከሠራ ዲስኩ ጤነኛ ነው፤ ሌላ ነገር ሳይጀመር ፋይሎቹ ወዲያው ወደዚያ ኮምፒዩተር ይገልበጡ። ጥገናው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ኮምፒዩተሩ ውስጥ የሚታየው

ዲስኩ እየዞረ በ«ዚስ ፒሲ» ውስጥ ካልታየ ብዙ ሰው እዚያው ተስፋ ይቆርጣል። ሆኖም ዊንዶውስ አንድ ተጨማሪ ቦታ አለው። የስታርት ምልክቱ ላይ ራይት ክሊክ ሲደረግ «ዲስክ ማኔጅመንት» የሚል ይገኛል። እዚያ ውስጥ ከኮምፒዩተሩ ጋር የተገናኙ ዲስኮች በሙሉ፣ የማይነበቡትም ጭምር፣ ከነመጠናቸው ይዘረዘራሉ። የሚታየውም ከሚከተሉት አንዱ ነው።

አንደኛ፦ ዲስኩ «ሄልዚ» ተብሎ ነገር ግን መለያ ፊደል የለውም። ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ ዲስክ እንደ ኢ ወይም ኤፍ ያለ ፊደል ይሰጣል። ፊደሉን ሌላ ዕቃ ወይም የቢሮ ኔትዎርክ ከያዘበት ዲስኩ ይሰወራል። ራይት ክሊክ አድርጎ «ቼንጅ ድራይቭ ሌተር» በሚለው ያልተያዘ ፊደል መስጠት ይበቃል። ይህ እርምጃ ፋይል አይነካም።

ሁለተኛ፦ መጠኑ በትክክል ይታያል፤ ነገር ግን «ሮው» የሚል ተጽፎበት ኮምፒዩተሩ «ከመጠቀምዎ በፊት ፎርማት ያድርጉት» እያለ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ነው ብዙ መዝገብ የሚጠፋው። ኮምፒዩተሩ ሊል የፈለገው የፋይሎቹን ማውጫ ማንበብ አልቻልኩም ነው እንጂ ዲስኩ ባዶ ነው ማለት አይደለም። መልሱ «ካንስል» ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ተረት እዚህ ላይ አይሠራም፤ ሙሉ ፎርማት ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ በዲስኩ ላይ በሙሉ ዜሮ ስለሚጽፍበት ያፈሰሰው መልቀም እንኳ አይችልም።

በዚሁ ላይ አንድ የተለመደ ማሳሳቻ አለ። ዲስኩ በማኪንቶሽ ኮምፒዩተር ላይ የተዘጋጀ ከሆነ ዊንዶውስ አያነበውም፤ ይባስ ብሎ ፎርማት ይደረግ ይላል። ከውጭ ገዢ፣ ከአማካሪ ወይም ከፊልም ሠሪ የመጣ ዲስክ ከሆነ መጀመሪያ በማኪንቶሽ ያስሞክሩት። በሁለቱም እንዲነበብ የሚፈለግ ዲስክ ገና ባዶ ሳለ ኤክስፋት በሚባለው አደረጃጀት ቢዘጋጅ ይህ ጣጣ አይኖርም።

ሦስተኛ፦ «ኖት ኢኒሻላይዝድ» ይላል። አዲስ የተገዛ ባዶ ዲስክ ከሆነ ትክክል ነው፤ እሺ ይበሉት። መረጃ የነበረበት ከሆነ ግን እሺ አይበሉ፤ የዲስኩ የመጀመሪያ ገጽ ወይም ሰሌዳው ተጎድቷል ማለት ነው።

አራተኛ፦ ስሙ ይታያል፤ መጠኑ ግን ዜሮ ነው ወይም «ኖ ሚዲያ» ይላል። ሰሌዳው ይናገራል፣ ዲስኩ አይመልስም። ይህ ወደ ባለሙያ የሚሄድ ነው።

አምስተኛ፦ ጨርሶ አይታይም። ዲስኩ በሌላ ኮምፒዩተር ሠርቶ እዚህ ብቻ እምቢ ካለ «ዲቫይስ ማናጀር» ውስጥ ገብቶ ቢጫ ምልክት ያለበትን ዕቃ «አንኢንስቶል» ማድረግ፣ ዲስኩን መንቀል፣ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ማስነሣትና እንደገና መሰካት ነው። በብዙ ኮምፒዩተር ላይ ካልታየ ደግሞ ችግሩ ከዲስኩ ቤት አይወጣም።

ዲስኩ ታይቶ ፋይሉ ሲሰወር

በአገራችን ከሁሉ ይበልጥ የሚያጋጥመው ግን ሌላ ነው። ዲስኩ ወይም ፍላሹ ይከፈታል፤ በፋይሎቹ ፈንታ አቋራጭ ምልክቶች ብቻ ይታያሉ ወይም ባዶ ይመስላል። የተያዘው ቦታ ግን አልቀነሰም። ይህ ከማተሚያ ቤትና ከኢንተርኔት ቤት በፍላሽ የሚዛመት ቫይረስ ሥራ ነው። ቫይረሱ ፋይሎቹን አያጠፋም፤ ይደብቃቸዋል። አቋራጩን አይጫኑ፤ መጫን ቫይረሱን ወደ ኮምፒዩተሩ መጋበዝ ነው። ፎርማትም አያስፈልግም። በቅርብ በታደሰ አንቲቫይረስ ካጸዱ በኋላ «ፎልደር ኦፕሽንስ» ውስጥ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ፣ የሲስተም ፋይሎችን የሚሰውረውም ምልክት እንዲነሣ ቢደረግ ሰነዶቹ ብቅ ይላሉ። ከዚያ ወደ ንጹሕ ቦታ ይገለበጣሉ።

የደቡብ ምዕራቡ አየርና መብራት

ሚዛን አማንና ቴፒ በአገራችን ብዙ ዝናብ ከሚያገኙት አካባቢዎች ውስጥ ናቸው። ለቡናው፣ ለኮረሪማውና ለዝንጅብሉ የሚስማማው ይኸው እርጥበት ለብረት መሰኪያ አይስማማም። በመሰኪያው ጥርስ ላይ የሚታየው አረንጓዴ ወይም ጥቁር ዝገት ግንኙነቱን ያቋርጣል። በንጹሕ አልኮል በተነከረ ጥጥ በቀስታ ማጽዳትና ደርቆ እስኪያልቅ መጠበቅ ይበቃል። ከቀዝቃዛ ቦታ ወደ ሞቃትና እርጥብ ክፍል የገባ ዲስክም ላዩ ላይ ላብ ይይዛል፤ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ሳይሰካ ቢቆይ ይመረጣል። ዲስኩን በሚያሽግ ቆርቆሮ ወይም ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ ከጫማና ከቦርሳ ማሸጊያ ጋር ከሚመጣው እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጋር ማስቀመጥ ወጪ የሌለው ጥንቃቄ ነው።

የመብራት መቆራረጥ ሌላው ጠላት ነው። ዲስኩ እየጻፈ ሳለ ኃይል ሲቋረጥ ማውጫው ግማሽ ተጽፎ ይቀራል፤ ከላይ የተጠቀሰው «ሮው» የሚመጣው በአብዛኛው በዚህ ዓይነት ነው። ሳይሰናበቱ መንቀልም ያው ነው። «ሴፍሊ ሪሙቭ» የሚለውን ተጭኖ ጥቂት ሴኮንድ መታገሥ ይህን ያስቀራል።

ገበያው ላይ ያለው አታላይ

ሌላው የአልነበብም ምክንያት ዕቃው ከመነሻውም የተባለው አለመሆኑ ነው። አንድ ቴራ የሚል የተጻፈባቸው በአነስተኛ ዋጋ የሚሸጡ ፍላሾችና ዲስኮች አሉ። ውስጣቸው ያለው ትንሽ ማስቀመጫ ሲሆን ለኮምፒዩተሩ ውሸት እንዲናገሩ ተደርገዋል። እስኪሞሉ ድረስ ይሠራሉ፤ ከሞሉ በኋላ የሚጻፈው በቀድሞው ላይ ይደረባል ወይም ይጠፋል። ፋይሉ በስሙ ይታያል፣ ሲከፈት ግን የለም።

እውነተኛ የ1 ቴራ ዲስክ በዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋ አካባቢ ያሳያል። ፋብሪካው በ1,000፣ ዊንዶውስ ግን በ1,024 ስለሚቆጥሩ ነው እንጂ ማጭበርበር አይደለም። አታላዩ ግን ይህን ቁጥር አስመስሎ ሊያሳይ ስለሚችል ቁጥሩ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ቁርጡ የሚታወቀው ዲስኩን በትልልቅ ፋይሎች ሞልቶ መጀመሪያና መጨረሻ የገቡትን መልሶ በመክፈት ነው። ስለሆነም ሲገዙ ደረሰኝና የመመለሻ ቀን ይጠይቁ፤ መዝገቡን ከማስገባትዎ በፊትም ይህን ሙከራ ያድርጉ።

ወደ ባለሙያ ሲኬድ

ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ካለ፣ ከወደቀ፣ ውሃ ከገባው ወይም መጠኑን ዜሮ ካለ የቤት ሙከራ ያብቃ። ቤቱን ከፍቶ ሳህኑን አየር ማስመታት በመጨረሻው ተስፋ ላይ አቧራ መጨመር ነው። አንዳንድ ሥሪቶች ሰሌዳቸው መረጃውን በምስጢር ቁልፍ ስለሚጽፈው ዲስኩን አውጥቶ በሌላ ቤት ማስገባት አይጠቅምም፤ ስለዚህ የተበላሸውን ሰሌዳ አይጣሉ።

ከሚዛን አማን ጅማ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይህን ሁሉ መንገድ ከመላክዎ በፊት ሦስት ጥያቄ በስልክ ያቅርቡ። «መጀመሪያ የዲስኩን ሙሉ ቅጂ ወስዳችሁ በቅጂው ላይ ነው የምትሠሩት?» «የተገኘው ፋይል በሌላ ዲስክ ላይ ነው የሚሰጠኝ?» «ካልተገኘ የሚከፈለው ስንት ነው?» ለመጀመሪያው ጥያቄ «አያስፈልግም፣ ፎርማት አድርገን እናወጣዋለን» የሚል መልስ ከተሰጠዎ ዕቃዎን አይስጡ። የታመመ ዲስክ ላይ እንደ «ቼክ ዲስክ» ያለ ማስተካከያ ማስኬድም ቅጂ ከመወሰዱ በፊት ጉዳት አለው፤ ያገኘውን የተሰበረ ማውጫ ሲያስተካክል ሊተርፍ የሚችለውን ይሰርዛል። ዲስኩን ሲልኩም በስፖንጅ ጠቅልለው በሰው እጅ ይላኩት።

ውድ ያልሆነው መድኃኒት

በኮምፒዩተር ሰዎች ዘንድ የታወቀ አንድ ሥርዓት አለ። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱም በሌላ ቦታ። ለቡና ነጋዴ ይህ ማለት አንዱ በላፕቶፑ፣ አንዱ በኤክስተርናሉ፣ ሦስተኛው ከመጋዘኑ ውጪ ማለት ነው። ላፕቶፑና ኤክስተርናሉ በአንድ ቦርሳ ውስጥ የሚሄዱ ከሆነ ሌባም ሆነ ዝናብ የሚያያቸው እንደ አንድ ቅጂ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች ኢንተርኔቱ ደካማ ነው ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ዲስኩን የሚሞላው ፎቶና ቪዲዮ እንጂ ዋናው ሰነድ አይደለም። የ600 አባላት ስም፣ የማሳቸው ነጥብ፣ የዓመቱ ርክክብና ዕዳ በሠንጠረዥ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሜጋ አይበልጥም። ይህ በደካማ ኔትዎርክም ቢሆን በደቂቃዎች ውስጥ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ይሄዳል። የ40 ቀን ድካም ከአንድ አጭር ቪዲዮ ያነሰ ቦታ ይዞ ሳለ በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ መቆየቱ የገንዘብ እጥረት ሳይሆን የልማድ ጉድለት ነው። የገበሬ ስምና ዕዳ ያለበት ሰነድ ስለሆነ ግን ሲላክ በይለፍ ቃል ይቆለፍ፤ የይለፍ ቃሉንም ከአንድ በላይ የማኅበሩ ኃላፊ ይወቀው።

ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን በእሸት ለቀማው ወራት በየሳምንቱ ቅዳሜ ሚዛኑ ከተዘጋ በኋላ የሳምንቱን መዝገብ በሦስቱም ቦታ መገልበጥ፣ በወር አንድ ጊዜም ከቅጂዎቹ አንዱን ከፍቶ በትክክል መነበቡን ማየት ያስፈልጋል። ሥራውን የሚሠራው ሰው ስምም በማኅበሩ ወይም በድርጅቱ ቃለ ጉባዔ ላይ ይጻፍ። ያልተመደበበት ሥራ እንደማይሠራ ነጋዴው ከማንም ይበልጥ ያውቃል።